የዘፋኙን ልደት ያነበብኩባት ቅዳሜ

ዓለምን በቃሉ ያጸና፣ ለሰው ምላስ ግን ጥርስን እንደ ግንብ ከንፈርንም እንደ መዝጊያ አድርጎ ያጠረለት፣ ያም ሆኖ አጥሩን ጥሶ የሚወጣውን ቃል ሁሉ በትዕግሥት የሚሰማ እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ይህን ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ኃጥእ አገልጋዩ፣ ዜማውንም ቅኔውንም በጎጃም አድባራት ደጅ ጠንቼ የተማርኩ፣ ባሕረ ሐሳብን በጣቴ አንጓ የምቈጥር ሽማግሌ፣ በስቶክሆልም ከተማ፣ በጠራራ ቀትር፣ በሬዲዮ፣ አንድ በሕይወት ያለ ሰው ገድያለሁ። የገደልኩትም መልካም ልደት ልመኝለት ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሰይድ ነው። ሰይድ የደሴ ሰው ነው፤ እስላም ነው፤ በሥራ ቀናት አረጋውያን ስዊድኖችን በየቤታቸው እየዞረ ይረዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ስዊድኖች ኔርራዲዮ በሚሉት የሰፈር ሬዲዮ የአማርኛውን አንድ ሰዓት ይመራል። የምንናገርበት ክፍል ቬሊንግቢ ካለ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ነበር። የማሞቂያው ቧንቧ በራሳችን ላይ ስለሚያልፍ፣ እኔ የዐሥር ደቂቃ ስብከቴን ሳሰማ ከበላዬ የሚያጉረመርም ድምፅ አይጠፋም ነበር። አንዳንድ አድማጮች ያን ድምፅ የመዘምራን አጀብ አድርገው እንደ ቆጠሩትና ከስብከቱ ይልቅ እርሱን እንዳመሰገኑት በኋላ ሰማሁ።

«የኔታ» አለኝ ሰይድ አንድ ቀን፣ «የስዊድኑ ሬዲዮ ጧት ጧት በዛሬዋ ቀን የትኛው ዘፋኝ ተወለደ፣ የትኛው ሸክላ አንደኛ ወጣ እያለ ያወራል። ሰዉ ይወደዋል። እኛስ?»

«እኛስ ምን?»

«የእኛን ዘፋኞች ልደት ማን ያስላልን? ቀኑን ከእኛ ወደ እነርሱ የሚመልስ፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ከእርስዎ ሌላ የት አለ?»

«ሰይድ፣ ዘፈን እኮ ከሥጋ ሥራ የተቈጠረ ነው።»

«ይዝፈኑ አላልኩዎትም። ይቍጠሩ ነው ያልኩዎት።»

እንዲህ ብሎ ረታኝ። በዚያ ላይ ስብከቴን ከዐሥር ደቂቃ ወደ ዐሥራ አምስት እንደሚያሳድግልኝ ቃል ገባ። ለባለቤቴ ለአስካለ «ለወንጌል ስል ተቀበልኩ» አልኳት። እውነቱን ለእናንተ ልናገር፤ የገዛ ድምፄን በሬዲዮ መስማት ወድጄ ነበር። በካሴት ቀድቼው፣ እርሷ ገበያ ስትሄድ ብቻዬን አዳምጠው ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም «እንዴት ያለ ሊቅ ነው!» እል ነበር።

መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ግን ከልደት በዓል መጠንቀቅ ነበረበት። በመጽሐፍ ቅዱስ የልደታቸውን ቀን ግብዣ አድርገው ያከበሩ ተብለው የተጻፉት ፈርዖንና ሄሮድስ ናቸው። ፈርዖን በልደቱ የእንጀራ አበዛዎቹን አለቃ ሰቀለ፤ ሄሮድስ በልደቱ የመጥምቁን አንገት አስቈረጠ። ይህን ሰባት ጊዜ ሰብኬበታለሁ። በስምንተኛው ራሴ ገባሁበት።

ሥራው ከጅምሩ አስቸጋሪ ነበር። ሀገራችን የዘፋኞቿን ዘፈን ታውቃለች፤ የተወለዱበትን ቀን ግን የሚያውቅ የለም። አንዱን አኮርዲዮን ተጫዋች «መቼ ተወለድክ?» ብዬ ብጠይቀው «አንበጣ የመጣ ዓመት» አለኝ። ስንተኛው አንበጣ? አያውቅም። ወደ ስዊድን የገቡትን ደግሞ ወረቀታቸውን ስጠይቅ ሁሉም ጥር አንድ ቀን በአውሮፓ አቈጣጠር ተወልደዋል። ልደቱን የማያውቅ ስደተኛ ሁሉ በዓመቱ መጀመሪያ እንዲወለድ አንድ ጸሐፊ በብዕሩ ወስኗል። ቤተ ልሔም እንኳ በአንድ ቀን አንድ ሕፃን ብቻ ነው ያከበረችው። ስለዚህ እኔ ጸሐፊውን ላርም ተነሣሁ። የአኮርዲዮኑን ተጫዋች ልደት አሰላሁና ከታናሽ ወንድሙ በሁለት ዓመት አሳነስኩት። ወንድማማቾቹ አንዱ ሌላውን «አንተ ዝም በል፣ ታናሼ ነህ» እያሉ እስከ ፋሲካ ተጣልተው ቆዩ። የአንዲት ዘፋኝ ሴትዮም የልደት ዓመት በትክክል አስልቼ ተናገርኩ። እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ጃንጥላዋን ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ዝናብ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ዓመት መጥራት ተውኩ።

ቀጥሎ የካሣዬ ድንበሩ ተራ ደረሰ።

ካሣዬ ማለት፣ ዕድሜው ያልደረሰ አንባቢ ቢኖር፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ በአንድ የጦር ክፍል ኦርኬስትራ ፊት ሲዘፍን ማይክሮፎኑ ቢበላሽበት፣ ዘፈኑን ሳያቋርጥ እስከ አዳራሹ የኋላ ወንበር በባዶ ድምፅ ያደረሰ ሰው ነው። ይህን የሰሙ ሌሎች ዘፋኞች ሆን ብለው ማይክሮፎናቸውን ያዘጉ ነበር፤ ድምፃቸውም አብሮ ተዘጋ። እኔ በማውቀው ዘመን ግን ካሣዬ ቮርቢ ጎርድ በሚባለው ሰፈራችን ከእኛ ሁለት ሕንፃ አልፎ የሚኖር፣ ሁዲንጌ ሆስፒታል በሽተኛ በተኛበት አልጋ እየገፋ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያመላልስ፣ ትሑት ሰው ነበር። መዝፈን ከተወ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ያስተውኩት እኔ ነኝ። በአንድ የዐቢይ ጾም መግቢያ ከኪዳነ ምሕረት ሥዕል ፊት አቁሜ «ዳግመኛ አልዘፍንም» አሰኝቼዋለሁ። እርሱም ብዙ አልተከራከረኝም፤ ያን ሰሞን የማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ ግርማ ለአዲስ ዓመት በዓል መድረክ ቢጠይቀው «ጊዜህ አልፏል ካሣዬ፣ ወጣቱ ኪቦርድ ነው የሚፈልገው» ብሎ መልሶት ነበር። እኔም የሰይጣንን ወጥመድ የሰበርኩ መስሎኝ ለሳምንት ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

እናቱ እመት ዘነበች ደሴ ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል፤ ልባቸው ደካማ ነው፤ ከወለዷቸው ሦስት ልጆች ሁለቱን ቀብረው የቀራቸው ካሣዬ ብቻ ነው። የልደቱን ቀን በደብዳቤ የጠየቅሁት እርሳቸውን ነበር። «የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ነው፤ ምጥ ይዞኝ ከቅዳሴ ተሸክመው አወጡኝ» ብለው አስጻፉልኝ። ዋዜማዋ በዚያ ዓመት ቅዳሜ ዋለች። ካሣዬም ስድሳ ዓመት ሞላው። ሰይድ «ይህን እንደ ሌላው አጭር አያድርጉት፤ እውነተኛ ነገር ይጻፉለት» አለኝ። ይህ ነው ጥፋቱ። እኔ በየቀኑ ሰውን የሚያስብ መጽሐፍ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ስንክሳር ነው። ስንክሳር ደግሞ ሰውን የሚያስበው በተወለደበት ሳይሆን ባረፈበት ቀን ነው፤ ይህን የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ልጅ የለም። እኔ ራሴ ሳስተምር የኖርኩትን ረስቼ፣ ለሕያው ሰው ልደት የቅዱሳንን ዕረፍት አጻጻፍ አለበስኩት።

«በዚች ቀን» ብዬ አነበብኩ፣ በዜማ፣ «የወሎ ሰው የካሣዬ ድንበሩ መታሰቢያው ነው። ይህም ሰው ከደጋግ ሰዎች ተወለደ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ድምፁ ያማረ ነበር። በመኳንንትም ፊት ዘፈነ፤ ስደትንም በትዕግሥት ተቀበለ፤ ድውያንንም አገለገለ።» በመጨረሻው «በረከቱ ከእኛ ጋራ ይኑር» አልኩና «ሰላም ለከ» ብዬ የሚጀምር አጭር ቅኔ በግእዝ አከልኩ። ቅኔው ልደቱን የሚያወድስ፣ ሰምና ወርቁ የተስማማ ነበር። ነገር ግን ከአድማጮቼ መካከል ግእዝ የሚሰማ አንድ ስንኳ አልነበረም። ለስቶክሆልም ምእመን በሬዲዮ የሚነበብ ግእዝ ማለት ፍትሐት ነው።

ይህ ሳያንስ፣ ሰይድ የካሣዬን ዘፈን ሊያጫውት ካሴቱን ቢከት መሣሪያው ካሴቱን በላው። ቡናማው ክር ተግተልትሎ ወጣ። ሰይድ ዝምታውን ለመሸፈን እጁ ያገኘውን ሌላ ካሴት ከተተ። ዋሽንት ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ሀገር ቤት ሬዲዮው በድንገት ዋሽንት ሲያሰማ እናቶቻችን እጃቸውን ከሊጥ አውጥተው «ማን ይሆን?» ይሉ እንደ ነበር ታስታውሳለህ።

እኔ ግን በራሴ ተደስቼ፣ ከቬሊንግቢ እስከ ቮርቢ ጎርድ በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ በመስኮቱ መስታወት የራሴን መልክ እያየሁ ተጓዝኩ። በዚያች ሰዓት ውስጥ ወሬው በእኔ ባቡር ሳይሆን በስልክ ሄደ።

ቤቴ ስደርስ አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተራዋን ትታ፣ እርጥብ አንሶላ በቅርጫት ይዛ ነው የወጣችው። ስዊድን የኖረ ሰው የልብስ ማጠቢያ ተራን ጥሎ መውጣት ምን ያህል ከባድ ሐዘን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

«አስካለ፣ ማን ሞተ?»

«ይጠይቁኛል ደግሞ! ለከተማው ሁሉ ካረዱ በኋላ ነው ለሚስትዎ ወሬ የሚጠይቁት?»

«ማንን አረዳሁ?»

«ካሣዬን ነዋ! ለመሆኑ ሰው በሬዲዮ መርዶ ያረዳል? ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በር አንኳኩቶ ነው እንጂ! ይህን ያህል ዘመን አብሬዎት ስኖር እንዲህ ደፋር መሆንዎን አላውቅም ነበር።»

«አንቺ ሴት፣ ካሣዬ አልሞተም! ልደቱን ነው ያነበብኩት። ካሣዬ ደህና ነው!»

በእዝነት አየችኝ። «አይዞዎት» አለችኝ፣ «ይቀመጡ። ውሃ ላምጣልዎት።»

ያን ጊዜ ወጥመዱ ገባኝ። እኛ ሰው ሲሞት ለዘመዱ «ሞተ» አንልም። «ትንሽ አመም አድርጎት ነበር፣ አሁን ደህና ነው» እንላለን፤ ነገ ሲነጋ እውነቱን እስክናረዳ ድረስ። ስለዚህ በእኛ ዘንድ አንድ ሽማግሌ ፊቱ ተለዋውጦ «እገሌ ደህና ነው» ብሎ ከጮኸ፣ የሰውዬው ሞት በማኅተም ጸና ማለት ነው። እኔም «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ባልኩ ቍጥር ካሣዬን በላይ በላዩ አፈር አለበስኩት።

«ያሳዝናል» አለች አስካለ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «ግርማ ደሴ ደውሎ ለካሣዬ የአጎት ልጅ ለይልማ ነግሮታል። ነገ ሲነጋጋ ሽማግሌ ሰብስቦ ለእናቱ ያረዳቸዋል።»

የእመት ዘነበች ልብ ያን መርዶ እንደማይሸከም እኔም አስካለም እናውቃለን። እንግዲህ ከዚች ሰዓት እስከ ደሴ ንጋት ድረስ የአንዲት እናት ነፍስ በእኔ ምላስ ላይ ተንጠልጥላለች። ስልኩን አንሥቼ ደሴ ደወልኩ፤ መሥመሩ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ ተይዟል። ከስቶክሆልም ያለ ሐበሻ ሁሉ ይልማን ያጽናናዋል። ካሣዬ ራሱ ሥራ ላይ ነው። ባርኔጣዬን ደፍቼ ወጣሁ።

የሕንፃችንን ነዋሪዎች የጋራ አዳራሽ አቶ ግርማ ከፍቶ ሐዘን ቤት አድርጎታል። ሰው ሞልቷል። ከካሣዬ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖረው ሴት፣ ዓምና «ገላውን ሲታጠብ ያንጎራጕራል፣ ይረብሸኛል» ብላ ለቤት አከራዩ ደብዳቤ የጻፈችበት፣ «ያ ድምፅ! ያ ድምፅ!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ግርማ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሕይወት ታሪክ ይጽፋል።

«የኔታ፣ በጥሩ ጊዜ መጡ» አለኝ። «‹ማኅበራችን ሁልጊዜ ከጎኑ ነበር› ብዬ ጽፌያለሁ። ይበቃል ወይስ ‹በክፉም በደጉም› የሚል ልጨምርበት?»

«ግርማ፣ ሰውዬው አልሞተም።»

ብዕሩን አነሣ። «ልክ ብለዋል። ‹ሥራው ሕያው ነው፣ አልሞተም።› ግሩም ነው።» ጻፈው።

«ሥጋው ነው ያልሞተው!»

«ይህንንም ልጻፈው?»

በዚህ መካከል ሰይድ ትልቅ የቶርታ ሣጥን ተሸክሞ፣ በሌላው እጁ ስድስት ሻማ ይዞ፣ ፊቱ እየበራ ገባ። ለካሣዬ ልደት ልናቀርብለት ቀድመን የተነጋገርንበት ነው። ለቅሶው ቆመ። ሁሉም ቶርታውን አየ። «በሐዘን ቤት?» አለ አንዱ። ሰይድ ወዲያና ወዲህ አይቶ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «የኔታ፣ ማን ሞተ?»

«ካሣዬ።»

«ኢና ሊላሂ! መቼ?»

«እኔ ሳነብ።»

ሰይድ ቶርታውን ወለል ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ቁጭ አለ። «ዋሽንቱ» አለ ቀስ ብሎ። «የኔታ፣ ዋሽንቱን እኔ ነኝ የከተትኩት።» እንዲህ ሆነን ሁለት ነፍሰ ገዳዮች ቶርታችንን በመካከላችን አድርገን ተያየን።

ሁኔታው ይህ ሳለ በሩ ተከፍቶ ካሣዬ ድንበሩ ገባ። ባርኔጣው ላይ በረዶ አለ፤ በእጁ የዳቦ ከረጢት ይዟል። ከሥራ ሲመለስ የአዳራሹን መብራትና የተዘቀዘቀ ነጠላ በመስኮት አይቶ ነው የመጣው። እንደ ደንባችን ማን እንደ ሞተ አልጠየቀም። መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ጥያቄው በኋላ ይደርሳል። ከረጢቱን ጥሎ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጠና ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ አለቀሰ። እንደ እርሱ አምርሮ ያለቀሰ በዚያ ቤት አልነበረም። አጠገቡ የተቀመጠው አንድ ሽማግሌ ቀና ብሎም ሳያይ ትከሻውን ደባበሰው።

«በቃ፣ በቃ ወንድሜ፣ ሁላችንም የምንሄድበት ነው።»

«ማን ነው ግን?» አለ ካሣዬ ከባርኔጣው ሥር።

«ካሣዬ ድንበሩ።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ባርኔጣው ቀስ ብሎ ወረደ። ሽማግሌው አየው፤ ከነወንበሩ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከፎቅ የምትኖረው ሴት ጮኸች። ገሚሱ ወደ በሩ፣ ገሚሱ ወደ ካሣዬ ሮጠ፤ መካከል ላይ ተጋጩ። አቶ ግርማ ብቻ ከጠረጴዛው አልተነቃነቀም። ወረቀቱን አየ፤ ካሣዬን አየ፤ እንደ ገና ወረቀቱን አየ።

«ካሣዬ» አለው ቅር ብሎት፣ «እንዲህ ያለ ነገር እኮ አስቀድሞ ለማኅበሩ ይነገራል።»

«ሳልሞት መቅረቴን?»

«ሁለት ገጽ ጨርሼ ነበር።»

ካሣዬ ወረቀቱን ወስዶ አነበበው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «‹ማኅበራችን ሁልጊዜ ከጎኑ ነበር›» አለ። «ግርማ፣ በየትኛው ጎኔ?» መልስ አልጠበቀም፤ እኔ ክንዱን ይዤ የእናቱን ነገር ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ።

ከእኔ ቤት ኮሪደር ስልክ ፊት ቆምን፤ ካሣዬ፣ ሰይድ፣ አስካለና እኔ። ግርማም ተከትሎን መጣ፤ በሩ ላይ ቆመ። ከብዙ ሙከራ በኋላ መሥመሩ ተገኘ። ይልማ የሩቅ ስልክ በጩኸት ብቻ የሚደርስ የሚመስለው ሰው ስለሆነ፣ ድምፁን ሁላችንም ሰማነው።

«ይልማ፣ እኔ ነኝ፣ ካሣዬ ነኝ! ደህና ነኝ!»

«ወንድሜ» አለ ይልማ፣ «ማን እንደ ሆንክ አላውቅም። ለማጽናናት ብለህ መሆኑን አውቃለሁ። ግን በሟች ድምፅ መናገር ነውር ነው።»

«ይልማ! የአባቴ ስም ድንበሩ፣ ቤታችን ከወፍጮው ጀርባ...»

«ይህን ሁሉም ያውቀዋል።»

ሰይድ ስልኩን ነጠቀ። «ይልማ፣ እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ወላሂ ሰውዬው ቆሟል፣ አጠገቤ ነው!»

«እስላሙንም አስማላችሁት? ምን ዓይነት ሞት ቢሞት ነው እንዲህ የምትደብቁኝ?» ይልማ ማልቀስ ጀመረ። «ካሣዬ ከሆነ ይዝፈን! እስቲ ይዝፈንልኝ!»

ካሣዬ መነጋገሪያውን በመዳፉ ሸፈነ። ወደ እኔ ዞረ። «የኔታ፣ ምያለሁ እኮ። በእርስዎ ፊት።»

ሁሉም እኔን አዩኝ። እኔም እንደ ተማረ ሰው መካከለኛ መንገድ ፈለግሁ። «መዝሙር ዘምርለት» አልኩ።

ካሣዬ ዘመረ። ከዚያ በኩል ይልማ ጩኸቱን ለቀቀው። «ዲያቆኑም መጣ! ፍትሐቱ ተጀመረ ማለት ነው! ካሣዬ በዕድሜው መዝሙር ዘምሮ አያውቅም!»

«አንቱ ሰውዬ» አለች አስካለ ዓይኗን አፍጥጣ፣ «ሴትዮዋን ሊገድሏቸው ነው?»

አንባቢ ሆይ፣ እኔ በዘመኔ ብዙ ሰው ከዘፈን መልሻለሁ። «ዝፈን» የሚለውን ቃል ግን ከአፌ አውጥቼ አላውቅም ነበር። ጕሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቆመ። መሐላውን ያሰርኩት እኔ ነኝና ኃጢአቱን በራሴ አድርጌ፣ አማተብኩና፣ «ዝፈን» አልኩት። አልሰማኝም። «ዝፈን እኮ ነው የምልህ!» ብዬ ጮኽኩ፤ የጎረቤት ስዊድናዊ ግድግዳውን ደበደበ።

ካሣዬ ዓይኑን ጨፈነ።

«ከደጅሽ ቆሜያለሁ፣ ዝናቡ እየመታኝ፤
በሩን ባትከፍቺም፣ በመስኮቱ እዪኝ።»

ድምፁ መጀመሪያ ዝጎ ነበር። በሁለተኛው ስንኝ ዝገቱ ለቀቀ። ሰይድ ግድግዳውን ተደገፈ፤ አስካለ ነጠላዋን ሳታውቀው ገልብጣ አስተካከለች። እኔም፣ ሳልደብቅ ልናገር፣ እግሬ ጊዜውን ሲጠብቅ ያዝኩት። ቀጥሎ ከሩቅ፣ ከስልኩ ባሻገር፣ የአሮጊት ድምፅ ተሰማ።

«ይልማ! ይህ ካሣዬ አይደለም ወይ? ልጄ ደውሎ እኔን ትደብቀኛለህ?»

እመት ዘነበች ነበሩ። ለነገው መርዶ እንዲመች ይልማ «እንግዳ መጥቷል» ብሎ አምጥቷቸው፣ እዚያው ሊያሳድራቸው ከጓዳ አስቀምጧቸው ኖሯል። ስልኩን ነጠቁት።

«እማዬ» አለ ካሣዬ።

«ልደትህን አስታውሰህ ደወልክልኝ? ድምፅህ ምነው ሻከረ? መዝፈን ትቻለሁ ብለህ ከጻፍክልኝ ወዲህ እኮ ካሴትህን ሳልከፍት ሰባት ዓመቴ። የምትዘፍን ልጅ እንጂ ዝም ያለ ልጅ አልወለድኩም። ለመሆኑ ያስተወህ ማን ነው?»

ካሣዬ አየኝ። ስልኩንም ሰጠኝ።

«እመት ዘነበች፣ እንደምን ዋሉ» አልኩ። «እኔ ቀኑን በደብዳቤ የጠየቅኩዎት የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ።»

«አባቴ! አሁን ያዘፈኑልኝ እርስዎ ነዎት?»

«አዎን» አልኩ። በዚያች ደቂቃ እውነት ነበር።

«ዕድሜ ይስጥልኝ፤ እጅዎ ይባረክ። ያን ያስተወውን ሰው ግን...»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለው» አልኩ ፈጥኜ።

ትንሽ አሰቡ። «እርስዎ ካማለዱለትስ ይቅር ይበለው። ክፉ ባይሆን ነው እንጂ የሚያማልድ አያገኝም ነበር። ስሙን ይንገሩኝ፤ በጸሎቴ ላስበው።»

እኔ በጉባኤ መካከል ቅኔ የተቀኘሁ ሰው የክርስትና ስሜን ነገርኳቸው። ከዚያ ኮሪደር ውስጥ ያን ስም የሚያውቀው ሰው አስካለ ብቻ ናት። ሳል ያዛት፤ ወደ ጓዳ ገባች፤ እዚያ ሆና ለረዥም ጊዜ ስትስል ቆየች። እመት ዘነበች ስሙን ሁለት ጊዜ ደገሙት፣ እንዳይረሱት። «ምስኪን» አሉ። «አንዳንድ ሰው አውቆ አይደለም።»

እኔም ሬዲዮ ላይ ወጥቼ ስብከት ማሰማቴን ባልተውም፣ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የትኛውም ጸሎቴ እንደ ደረሰልኝ እርግጠኛ አይደለሁም። አንዲት እናት ግን ደሴ ላይ ጧት ጧት ተነሥተው፣ ልጃቸውን ዝም ስላሰኘው ስለዚያ አላዋቂ ሰው እንደሚማልዱ ካሣዬ ይነግረኛል፤ እርሳቸው እንዳይሰለቹ እለምናለሁ።

እናንተም ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ በቤታችሁ የሚያንጎራጕር አይጥፋ፤ ከደጃችሁ የሚያንኳኳው መልካም ወሬ የያዘ ይሁን፤ ሩቅ ያለ ልጃችሁ በስልክ ሲጠራችሁ ድምፁን የምትለዩበት ጆሮ፣ ዝም ብሎም ሲቀር የምትጠይቁበት አንደበት አይንሣችሁ። ማዕዳችሁን፣ ምድጃችሁን፣ ከጣሪያችሁ ሥር ያለውን ሕፃንና ሽማግሌ ሁሉ እርሱ ይጠብቅ፤ አሜን።